ከብር ኖት ላይ የቀዳሁት ፏፏቴ

ካሜራ ውስጥ ፊልም ሳልከት ሰው አንሥቻለሁ። እንዲህ ያለ ስሕተት ያልሠራ ፎቶ አንሺ የለም ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ሌሎቹ ግን ረስተው ነው የሚሳሳቱት። እኔ የተሳሳትኩት በገዛ ብልጠቴ ተጠልፌ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ፣ አንድ ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ በየነ ይባላሉ፤ ሳል የማያጣቸው፣ ቆጣ ያሉ ሽማግሌ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጸጉሬ አፍሮ፣ ሱሪዬ ከጉልበቱ በታች መንገድ የሚጠርግ፣ ራሴን የአራዳ ልጅ ብዬ የሾምኩ፣ ሹመቱን ግን እስካሁን ማንም ያላጸደቀልኝ ሰው ነበርኩ። አነሣለሁ፣ ፊልም አጥባለሁ፣ የፊት ማድያት በእርሳስ እደልዛለሁ። ጥርስ የሌለውን ባለ ጥርስ አድርጌ አውቃለሁ። ከሁሉም በላይ የምኮራባት አንዲት ዘዴ ነበረችኝ። ከገጠር የመጣ ሰው መብራቱ ቦግ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን የፊልም ማቀፊያ ካሜራው ውስጥ ከትቼ አንዴ ቦግ አደርጋለሁ። ሰውየው «ተገላገልኩ» ብሎ ትከሻውን ሲያላላ፣ ፊልም ያለበትን እከትና እውነተኛውን አነሣዋለሁ። ዘዴዋን ማንም አላስተማረኝም።

ከካሜራው ፊት ለፊት ደግሞ ጢስ ዓባይ ተሰቅሏል። ግድግዳውን የሚሸፍን አቡጀዲ ላይ የሳልኩት እኔው ነኝ። ታዲያ ፏፏቴውን አይቼው እንዳይመስላችሁ! እስከዚያ ዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ ውሃ በክረምት የሞላ ቀበና ነው። ደርግ አዲሱን ብር ያወጣ ጊዜ ከአንዱ ብር ጀርባ ፏፏቴው ነበረበት፤ እሱን በአጉሊ መነጽር እያየሁ ቀዳሁ። ኖቱ ላይ ከውሃው አጠገብ ሁለት ወፎች አሉ። እነሱንም ሳልኳቸው፤ ልኩ ጠፋብኝና ዶሮ አከሉ። ደንበኛ ሁሉ «እነዚህን ዶሮዎች ውሃው አይወስዳቸውም?» እያለ ሲቀልድብኝ ኖሯል። ሆኖም ሰው ወደደው። ሙሽራ፣ ወታደር፣ ተማሪ፣ ሁሉም ከጢስ ዓባይ ፊት እየቆመ ተነሣ። ከአራዳ ሳይወጡ ጎጃም ደርሶ መመለስ ማለት ነው።

ቀኑ ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ስድሳ ዘጠኝ አልቆ ሰባ ገብቷል። ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ጠዋት ከቤት የወጣ ልጅ ማታ ካልገባ እናቱ ጎረቤት ሄዳ አትጠይቅም ነበር፤ መጠየቁ ራሱ ያስጠይቃልና። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ አንዲት ነጠላ ያጣፉ፣ ግንባራቸውን የተነቀሱ ሴትዮ አንድ ረጅም ልጅ ክንዱን ጨብጠው ገቡ። ልጁ ዐሥራ ስምንት ቢሆነው ነው። እንደ ሕፃን ክንዱን መያዛቸው ሳያሳፍረው አልቀረም፤ ግን አላስለቀቀም።

«የይለፍ ወረቀት ፎቶ ነው፤ ሁለት» አለኝ ልጁ።

«ለየት?»

«ለጎጃም» አሉ እናቲቱ ቀድመውት። «ላገሩ። የወለድኩት እኔ፣ የምወስደውም እኔ።»

ስማቸው እማማ የሻረግ ነው፤ ልጁ ይበልጣል ይባላል። አምስት ኪሎ አካባቢ ክፍል ተከራይቶ ይማራል። ሁለት ጓደኞቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ መጥፋታቸውን ሰምተው ነው እናቱ የመጡት። ያን ጊዜ ያለ ቀበሌ ይለፍ ከተማውን መውጣት አይቻልም፤ በየኬላው ይፈተሻል። «የቀበሌው ጸሐፊ ያገራችን ሰው ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ልጅሽንም ፎቶውንም ይዘሽ ከመጣሽ እፈርማለሁ፤ ካለፈ ግን አልችልም ብሎኛል። ፎቶው ይደርሳል፣ የኔ ጌታ?»

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይውሰዱ» አልኩ።

ለይለፍ ፎቶ ከኋላ የምንዘረጋው ነጭ አንሶላ ነበረን። ከሦስት ቀን በፊት ቀበሌው ለሰልፍ መፈክር ይጻፍበታል ብሎ ወስዶታል። ስለዚህ ልጁን ወደ ፏፏቴው ወሰድኩት። እማማ የሻረግ ጨርቁን ያዩት ያን ጊዜ ነው። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይኼ ጢስ ዓባይ ነው?»

«ራሱ ነው፣ እማማ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ቀረብ ብለው አዩት፤ ራቅ ብለውም አዩት። «ድምጡን የት ጣልከው ታዲያ?»

ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«የኛ ቤት ከሱ በላይ ነው» አሉ። «ጢሱ እስከ ደጃፋችን ይመጣል። ከሰዓት በኋላ የማርያም መቀነት ይታጠቃል፤ አልሳልክለትም። ማታ ከብት ሲገባ እሱም እንደ ከብት ያገሳል። አንተ ልጅ፣ ይበልጣል! ጀርባህን አትስጠው!»

«ምን ይሆናል፣ እማማ?» አልኩ።

«ሰላም ሳይለው ጀርባውን የሰጠውን ሰው ጥላውን ይገፈዋል። እኛ አገር ከውኃው ፊት የሚቆም ሰው አስቀድሞ እርጥብ ሳር ነጭቶ ይጥልለታል፣ እንዴት አደርክ ይለዋል። ሳር አለህ?»

«እማማ፣ ሳር ያለው ጊዮርጊስ ግቢ ነው። ይሄ ደግሞ ውሃ አይደለም፤ አቡጀዲ ነው። ለልብስ ሰፊ ቢሰጡት የሰባት ክንድ ቀሚስ ይወጣዋል።»

«እማ፣ ተይ በቃ» አለ ይበልጣል። በእፍረት ፊቱ ቀላ። የፎቶ ቤቱን ኮት አለበስኩት፤ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ኮት ነበር ያለን። ሰፋበት፣ ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩለት። ኮሌታውን ሳስተካክል የልቡ ምት ጣቴን ነካው። ልጁ ፈርቶ ነበር። ፏፏቴውን አልነበረም የፈራው።

«ጥላውን የገፈፈውን ሰው ደግሞ ከሄደበት ሄዶ በስሙ ይጠራዋል» አሉ እማማ የሻረግ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «ሁለቴ ነው የሚጠራ። በሁለቱ ካልመለስክለት ይተውሃል። ሰው ግን ሦስቴም ይጠራል፤ መለያው እሱ ነው።»

«እኔን አበዳሪ ሁሉ ዐሥር ጊዜ ነው የሚጠራኝ፤ ስለዚህ ሰዎች ናቸው» አልኩ።

ይበልጣል እንደገና ሳቀ፤ በጣም የሚያምር ሳቅ ነበረው። በሳቁ ደስ አለኝና ሌላ ቀልድ ጨመርኩ። መብራቱን ቦግ አደረግኩ፤ ያቺ የውሸቷ ናት። ዓይኑን ጨፈነ። «አለቀ!» አልኩት። ትከሻው ሲላላ ማቀፊያውን አወጣሁ፣ እያወራሁ ማቀፊያ ከተትኩ፣ እያወራሁ ቦግ አደረግኩ። ስሙን መዝገብ ላይ ጻፍኩ። እናትና ልጅ ወጡ። እማማ የሻረግ ደፍ ላይ ዞር ብለው ለጨርቁ ጎንበስ አሉለት። እኔም በኋላቸው ለዶሮዎቼ ጎንበስ አልኩ፤ ጋሽ በየነ እንኳ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ጨለማ ክፍል ገባሁ። ፊልሙን አጠብኩ፣ ወደ መብራት አወጣሁት። ምንም የለም። እንደ መስኮት መስታወት የጠራ ነው። የልጁ ፊት የለም፣ ኮቱ የለም፣ ፏፏቴዬ የለም። ፊልሙን ያወጣሁበትን ማቀፊያ የት እንዳገኘሁት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ባስቀመጥኩበት ተቀምጦ ነበር፤ ሳይነካ። እየቀለድኩ ያንኑ ባዶውን ደግሜ ከትቼ፣ ፊልም ያለበትን ካሜራው ውስጥ ሳላስገባ ቀርቻለሁ። ያጠብኩትም ብርሃን ያልነካውን ፊልም ነው።

ኅሊና ያለው ሰው በዚያች ሰዓት ምን ያደርጋል? አምስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። ሄጄ እፈልጋቸዋለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ፣ ልጁን መልሼ አነሣዋለሁ። እኔ ግን ጋሽ በየነ ካወቁ ያባርሩኛል ብዬ ፊልሙን ኪሴ ከትቼ ቡና ቤት ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ማኪያቶ ጠጣሁ። ነገ ሲመጡ አንድ ነገር አይጠፋኝም አልኩ። አልጠፋኝም።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እማማ የሻረግ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ብቻቸውን። ጋሽ በየነ ከመጋረጃው ጀርባ ሒሳብ ይሠራሉ፤ ሳላቸው ይሰማኛል። ሁሉንም ይሰማሉ ማለት ነው።

«ደርሷል፣ የኔ ጌታ?»

«ልጁስ፣ እማማ?»

«ቤት ነው። ፎቶውን ይዤ አብረን ቀበሌ እንሄዳለን።»

«ይጥሩትና እንደገና ይነሣ» ማለት ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አፌን የከፈትኩት ይህንን ልል ነው፤ እምላለሁ። ሳሉ ግን በረታ። ፊልሙን ከኪሴ አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አስያዝኳቸው።

«እማማ፣ ያሉት እውነት ሆነ» አልኩ በሹክሹክታ። «ጥላውን ገፎታል። ይዩት፤ ልጁ የለም።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ቀልድ ነበር? ስሕተቴን መሸፈኛ ነበር? ሁለቱም ነበር። አንድ ጊዜ እንዲስቁልኝም ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

እማማ የሻረግ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። «ውኃውስ የት አለ?» አሉ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። «ተነሥቶ ሄደ» አልኩ። «ይዞት ሄደ።»

እውነት እላችኋለሁ፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የገዛ ጀርባዬ ቀዘቀዘ። ጨርቁ ከኋላዬ ነበር፤ ዞሬ ማየት ፈራሁ።

«ዓባይ ማደሪያ የለው» አሉ እማማ የሻረግ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ዛሬ ሌሊት ጠርቶት ነበር።»

«ማን?»

«ከአጥሩ ውጭ። ይበልጣል! አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ይበልጣል! አለ። ልጄ አቤት ሊል ሲነሣ አፉን በእጄ ያዝኩት። ሦስተኛ ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠራም።»

ፊልሙን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም።

«ጨረቃዋ ሳትሞላ ከውኃው ፊት አቁሜ ጥላውን ካላስመለስኩለት የለም ልጄ» አሉ። «ወረቀቱን ተወው።»

«እንዴት ወረቀቱን ተወው? ያለ ይለፍ ኬላ ያስቀርዎታል! ይገድሉዎታል!»

«ኬላ መንገድ ላይ ነው ያለ። እኛ መንገድ ምናችን ነው? በእግሬ መጥቼ አውቃለሁ።» ፊልሙን አጣጥፈው ሊወስዱት ሲሉ መልሰው ሰጡኝ። «ያዘው። የሱ ነው» አሉ፣ ፏፏቴውን በአገጫቸው እያመለከቱ። ወጡ።

ተከትያቸው ወጣሁ። «እማማ! ቀልዴን ነው!» አልኩ። ይህን ሲነገር ለሚሰማ ሰው ወንድ ልጅ መስዬ ልታየው እችላለሁ። ነገር ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተጣራሁት፤ ጋሽ በየነ እንዳይሰሙኝ። ነጠላቸው ከሌላው ነጠላ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ሦስት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ተመለስኩና የአንዲት ሙሽራ ማድያት በእርሳስ መደለዝ ጀመርኩ።

ያን ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰዓቴን አየሁ። ፈራሚው ጸሐፊ ጠብቆ ጠብቆ መዝገቡን ሲዘጋ ታየኝ። አንዲት እናት በኔ ቀልድ ምክንያት የልጇን መውጫ ወረቀት ጥላ ወደ ጫካ ገባች። አሰሳ በነበረ ቁጥር፣ ከየትም ተኩስ በተሰማ ቁጥር፣ ያ ኮሌታ ሥር የነካሁት ልብ ጣቴ ጫፍ ላይ ይመታ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጡ። አንደኛው ረጅም ነው፤ ጠመንጃው የልጅ መጫወቻ ይመስልበታል። የደንበኛ መዝገባችንን ከፍቶ በጣቱ እየተከተለ ወረደና ቆመ።

«ይበልጣል የሚባል ልጅ አንሥተሃል።»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ፎቶውን አምጣ። ለኬላዎች ይላካል።»

«ምን አጠፋ?» አልኩ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ቀበሌ ይለፉን ሊወስድ ሲመጣ ልንይዘው ከትናንት በስቲያ እስከ ስድስት ሰዓት ተደብቀን ጠበቅነው» አለ ረጅሙ፣ እንደ ተበደለ ሰው። «አልመጣም። በዋዜማው ሌሊትም ከቤቱ ደጅ በስሙ ጠርተነው አልወጣም። አንድ ሰው አስጠንቅቆታል።»

ያ የፈራሚው ቀጠሮ ወጥመድ ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ ያገር ልጅ ሆኖ የዘረጋው ወጥመድ። እኔ ፎቶውን በሰዓቱ ባደርስ ኖሮ፣ ሥራዬን እንደ ሰው ብሠራ ኖሮ፣ እናትየው ልጇን በገዛ እጇ እየመራች ታስረክባቸው ነበር።

ፊልሙን አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ ብርሃን ያዘው።

«ይኼ ምንድነው?»

«የልጁ ፎቶ ነው፣ ጓድ።»

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየሁትም። «ታፌዛለህ!» አለ። እድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ የተመታሁት እውነት የተናገርኩ ቀን ነው። ጋሽ በየነ ከመጋረጃው ወጥተው «ልጁ ጅል ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ ጓዶች» አሉ። አልሰሟቸውም።

የቀበሌው እስር ቤት የአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ነበር። ዐሥራ አራት ነበርን። ከጎኔ ጋሽ ሰኢድ የሚባሉ የወሎ ሰው ተቀምጠዋል፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የልብስ ስፌት ሱቅ ያላቸው። «እርስዎስ በምን መጡ?» አልኳቸው።

«ለአንድ ሰው ኮት ሰፋሁ» አሉ። «ሰውየው ተፈላጊ ኖሯል። ትከሻውን ለክተህ አድራሻውን እንዴት አላወቅክም ይሉኛል። እኔ የሰው ልኩን እንጂ መድረሻውን በምን አውቃለሁ፣ የኔ ወንድም?»

እኔም የኔን ነገርኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረንም። ከመጀመሪያው ቦግታ እስከ ጥፊው ነገርኳቸው፤ ስለ ዶሮዎቹ ስነግራቸው በሆዳቸው ሳቁ። ሌሎቹም ጆሮ ሰጡን። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣና የጋራዡን ቆርቆሮ ደበደበው፤ መነጋገር አቃተን። ሁላችንም ወደ ላይ አየን። ያን ጊዜ ጋሽ ሰኢድ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ «ይኸው ድምጡ» አሉኝ። ከላይ ውሃው ይወርዳል፤ እኛ ከሥሩ ነን። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ሰዓት የለም፤ ጋሽ ሰኢድ ደግሞ እጄን ይዘውኝ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ሰው የሚወጣው በስሙ እየተጠራ ነው። በሩ ከፈት ይላል፤ አንድ ስም ይጠራል። የተጠራው «አቤት» ይልና ይወጣል። ከወጡት የተመለሰ አላየንም፤ ተፈትተውም ይሁን ሌላ፣ የሚነግረን አልነበረም።

«ደርሰው ይሆን?» ይሉኝ ነበር ጋሽ ሰኢድ በየሰዓቱ። «አሁን ጨረቃዋ ስንት ሆናለች? ዓባይ በረሃን ተሻግረው ይሆን?» ለራሳቸው ጉዳይ እንደዚያ ሲጨነቁ አላየኋቸውም። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ስለነሱ አንድ ጊዜ ጀምረው አቋረጡ። ስለ ይበልጣል ግን ይጠይቁኝ ነበር። የሰው ልጅ መድረሱን መስማት የፈለጉ ይመስለኛል፤ የማንም ይሁን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተ። «ሰኢድ!» አለ ጠሪው።

ጭኔ ላይ የነበረው እጃቸው ጠበቀ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፤ «ይጠብቁ፣ ሁለተኛውን ይጠብቁ» አልኳቸው በከንፈሬ። ፈገግ አሉ። ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ስማቸው ተጠርቶ ዝም ማለት ነውር ይመስላቸው ነበር።

«አቤት!» አሉ። ተነሥተው ጃኬታቸውን አራገፉ። «ደምሴ፣ ታሪክህን ሳትጨርስልኝ ልሄድ ነው። የልጁን መድረስ የሰማህ ቀን ሱቄ ድረስ መጥተህ ትነግረኛለህ።»

«እሺ፣ ጋሽ ሰኢድ።»

«ቃልህን ስጠኝ እንጂ፤ አንተ ቀልደኛ ነህ።»

«ቃሌ ነው» አልኩ። በሩ ተዘጋ።

ከቀትር በኋላ እንደገና ተከፈተ። «ደምሴ!» አለ። አፌን ልከፍት ስል መንጋጋዬ ተቆለፈ። «ደምሴ!» አለ ደግሞ። የቀረው ሰው ሁሉ ያየኛል፤ እኔ ቆርቆሮውን አያለሁ። ሦስተኛ ጥሪ አልመጣም። የመጣው ረጅሙ ጠባቂ ራሱ ነው፤ በጫማው ገፋ አደረገኝ። «ጅል ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ደንቆሮም ነህ ለካ! ተነሥ፣ አሠሪህ ዋስ ሆነውልሃል።»

ጋሽ በየነ ሁለቱን ማቀፊያዎች ይዘው ቀበሌ ድረስ መጥተው፣ ስሕተቱ እንዴት እንደተሠራ ጓዶቹ ፊት በተግባር አሳይተውላቸዋል። ለካስ ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር። «ባዶውን ሁለቴ ስትከት በመጋረጃው ቀዳዳ አይቼሃለሁ» አሉኝ ወደ ቤት ስንሄድ። «ጠዋት ታስተካክለዋለህ ብዬ ዝም አልኩ። እኔም ጅል ነኝ።» አላባረሩኝም።

ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ከጨርቁ ጋር ግን መኖር አቃተኝ። ሰዎች መምጣት ጀመሩ፣ ሊነሡ ሳይሆን ሊያስደግሙ። «ባለፈው ዓመት እዚህ የተነሣው ልጄ፤ ከፏፏቴው ፊት፤ አንድ ኮፒ አውጣልኝ።» አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ትመጣለች። ጨለማ ክፍል ገብቼ ወረቀቱን ፈሳሹ ውስጥ ሳደርገው መጀመሪያ የሚታየው ውሃው ነው፤ ቀጥሎ ዶሮዎቹ፤ በመጨረሻ የልጁ ፊት ከውሃው ውስጥ ብቅ ይላል። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውታል። አቁሜ ያዞርኳቸው እኔ ነኝ። ስንቱን እየሳቅኩ አዙሬአለሁ! ጨርቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከአንድ ብር ላይ ቀድቼዋለሁ። ግን አንድ ቀን ጠዋት ከጊዮርጊስ ግቢ እፍኝ ሳር ነጭቼ መጥቼ፣ ማንም ሳያየኝ ከሥሩ አስቀመጥኩ። ጋሽ በየነ ሲያዩት ጠየቁኝ። «ለዶሮዎቹ ነው» አልኳቸው። በዚያው ሳምንት አውርደን ጠቀለልነው።

አራት ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ «ደምሴ የሚባል ቀልደኛ ፎቶ አንሺ እዚህ አለ?» አለ። «መልእክት ነው» አለ። «ከጢስ ዓባይ። አንዲት እናት ናቸው። እንዲህ በለው አሉኝ፦ ሄደን ሰላም አልነው፣ ሳሩንም ጣልንለት፣ መልሶልናል። ልጁ አግብቶ ወልዷል።» ሹፌሩ አንገቱን አከከ። «ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ፎቶ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ፎቶ ነው» አልኩትና ጨለማ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ ታሪክ ምን ትምህርት ወሰድክ ብትሉኝ ጥሩ አድርጌ የምመልስ አይደለሁም። ልጁን ያዳንኩት እኔ እንዳልሆንኩ ግን አውቃለሁ። ያዳነው የእናቱ ፍርሃት ነው፤ እኔ ያደረግኩት ፍርሃቷን ለመሸፈኛ መጠቀም ነው። በሰው ፍርሃት የሚስቅ ሰው ስታዩ እኔን አስቡኝ፤ እንደ ሰው ያለ አላዋቂ የለምና በማያውቀው እምነት አይቀልድ። ያን ሌሊት ከአጥር ውጭ የጠሩት ጠባቂዎቹ መሆናቸውን ከአፋቸው ሰምቻለሁ። ታዲያ ለምን ሦስተኛ አልጠሩም? ዛሬም እጠይቃለሁ። ባለቤቴ ስሜን ሦስቴ ካልጠራች አቤት አልልም፤ ጆሮው ደክሟል ብላ ለልጆቹ ነግራቸዋለች፤ እኔም ደክሟል ብያለሁ። ጢስ ዓባይን እስካሁን ሄጄ አላየሁትም። መኪና ጠፍቶ አይደለም። ቢያውቀኝስ?

ሹፌሩ በመጣ ቀን ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ዶሮ ማነቂያ ወረድኩ። የጋሽ ሰኢድን ሱቅ ጠይቄ አገኘሁት፤ አንድ ሰው ሬዲዮ ይጠግንበታል። «ልብስ ሰፊው? እኔ ስገባ ባዶ ነበር» አለኝ። ጎረቤት ያለች ባለ ሱቅ፣ ባለቤታቸው ልጆቹን ይዘው ወደ ወሎ መግባታቸውን ነገረችኝ። ስለ ጋሽ ሰኢድ ስጠይቃት እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረች። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ወሎዬ ልብስ ሰፊ ባየሁ ቁጥር የት አገር ነህ፣ የማን ልጅ ነህ እላለሁ። ልጆቻቸው አሁን ሽማግሌ ሆነዋል። ላገኛቸው ብችል የምሰጣቸው ብዙ ነገር የለኝም። አባታቸው በመጨረሻ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱም አጭር ነው፤ እስካሁን አልከፈልኩም።

ደርሰዋል፣ ጋሽ ሰኢድ። እናትም ልጅም ደርሰዋል።